የውጭ መኪና አምራች «ሪኮል» ሲያውጅ ጉድለቱንና ፖለቲካውን ለይቶ የማንበብ መንገድ

በ2002 ዓ.ም. የካቲት ወር አዳማ ፍራንኮ አካባቢ በምሠራበት ጋራዥ ኮሮላ የሚነዳ የቆየ ደንበኛችን ዘይት ሊያስቀይር መጣ። ያን ሰሞን የቶዮታ ስም ከነዳጅ ፔዳል ጉድለት ጋር በየዜናው ይነሳ ስለ ነበር ቁልፉን ሳይሰጠኝ በፊት «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ጫጫታ አሜሪካኖች ጃፓንን ለመጣል የሸረቡት ነው፤ የእኔን ፔዳል እንዳይነኩብኝ» አለኝ። አሮጌው ዘይት እየፈሰሰ ሳለ በሾፌሩ በር በኩል ተንበርክኬ ወለሉን አየሁ። ከፋብሪካ በመጣው ምንጣፍ ላይ ለአዳማ አቧራ ተብሎ የተገዛ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ተደርቦበታል፤ ምንጣፉን ከወለሉ ጋር የሚይዘው ማያያዣም ተሰብሯል። የነዳጅ ፔዳሉን በእጄ እስከ ታች ስጫነው የጎማው ጫፍ ከላይ መጥቶ ያዘው፤ እጄን ባነሣም ፔዳሉ አልተመለሰም። ደንበኛዬን ጠርቼ ጎንበስ ብሎ እንዲያይ አደረግሁት፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ስለ ፖለቲካው የተናገረው ከእውነት የራቀ አልነበረም። ፔዳሉን ግን ሳያየው ነበር የፈረደለት።

ይህን መመሪያ የምጽፈው የሪኮል ዜና በመጣ ቁጥር ያንኑ ስሕተት በሁለት መልኩ ስለማየው ነው። አንዱ ወገን «ሴራ ነው» ብሎ መኪናውን ሳያስመረምር ይቀራል፤ ሌላው ወገን ደግሞ በቴሌቪዥን ያየውን ሁሉ አምኖ ጤነኛ መኪናውን በርካሽ ይሸጣል። ሪኮል ማለት አምራቹ በሸጠው መኪና ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት መኖሩን አስታውቆ ያለ ክፍያ እንዲጠገን ባለቤቱን የሚጠራበት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ዙሪያ የመንግሥት፣ የተፎካካሪ ኩባንያ፣ የጠበቃና የጋዜጠኛ ጥቅም ሊሰባሰብ ይችላል። ስለዚህ «ጉድለቱ አለ ወይ?» እና «ዜናውን ማን፣ ለምን አጋነነው?» የሚሉት ጥያቄዎች ለየብቻቸው መመለስ አለባቸው፤ የአንዱ መልስ ለሌላው መልስ ሆኖ አያገለግልም።

ሥራው የሚጀምረው ዜናውን ወደ ጎን ትቶ የሪኮሉን ማስታወቂያ ራሱን በመፈለግ ነው። ከማስታወቂያው ላይ ጉድለት ያለበትን ዕቃ፣ የመኪናውን ሞዴልና የተመረተበትን ዘመን፣ መኪናው የተሠራለትን አገር፣ ዕቃው ሲበላሽ የሚደርሰውን ነገርና የጥገናውን ዓይነት በወረቀት ይጻፉ። የ2002ቱን ጉዳይ በዚህ መንገድ ያየ ሰው በዜናው አንድ ተደርገው ይወሩ የነበሩት ሪኮሎች ሁለት መሆናቸውን ወዲያው ይረዳ ነበር። የመጀመሪያው በምንጣፍ ምክንያት የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ አቅራቢያ አንድ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ባልደረባ ከሦስት ቤተሰቦቹ ጋር በተዋሰው ሌክሰስ ውስጥ ሞተ፤ መኪናው ላይ የተነጠፈው የሌላ ሞዴል ምንጣፍ ሲሆን የነዳጅ ፔዳሉን ይዞት ነበር። ከዚያ በኋላ ቶዮታ በአሜሪካ ወደ 3.8 ሚሊዮን ለሚሆኑ መኪኖች ጥሪ አደረገ፤ ቆይቶም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጨመረበት። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 2010 የታወጀው፣ 2.3 ሚሊዮን መኪኖችን የሚመለከተውና ፔዳሉ ራሱ በመልፋትና በእርጥበት ምክንያት እየከበደ ቀስ ብሎ የሚመለስበት ወይም ተጭኖ የሚቀርበት ጉድለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዕቃው ታሪክ ከፖለቲካው ይልቅ ያስተምራልና። ያን ፔዳል ያመረተው ሲቲኤስ የተባለ የአሜሪካ የኢንዲያና ኩባንያ ሲሆን፣ የጃፓኑ ዴንሶ የሠራው ፔዳል የተገጠመላቸው መኪኖች በጥሪው አልተካተቱም። ጥገናው ደግሞ በፔዳሉ ውስጥ አንዲት ትንሽ የብረት ሳህን ማስገባት ነበር። «የጃፓን ጥራት ወደቀ» ብሎ የጮኸው ወገንም ሆነ «የአሜሪካ ሴራ ነው» ያለው ወገን ፔዳሉን ማን እንደ ሠራው ቢያውቅ ንግግሩን ባስተካከለ ነበር። እርግጥ ነው፣ ዕቃውን አዝዞ የተቀበለውና በመኪናው ላይ የገጠመው ቶዮታ በመሆኑ ከኃላፊነት አያመልጥም።

ጉድለቱን ከለዩ በኋላ ወደ ፖለቲካው ይሂዱ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የቀን መቁጠሪያ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ በቀኝ የሪኮሉን ቀኖች፣ በግራ የገንዘቡንና የሥልጣኑን ቀኖች ይጻፉ። በግራ በኩል እ.ኤ.አ. በ2008 ቶዮታ ጄኔራል ሞተርስን በሽያጭ አልፎ የዓለም አንደኛ መሆኑ ይሰፍራል። በሰኔ 2009 ጄኔራል ሞተርስ ከሰረ፤ ከኪሳራው ሲወጣ የአሜሪካ መንግሥት 60 በመቶ በላይ የሚሆነውን ድርሻ ይዞ ነበር። ከ1984 ጀምሮ ሁለቱ ኩባንያዎች በጋራ ያንቀሳቅሱት የነበረውን የካሊፎርኒያውን የፍሪሞንት ፋብሪካ ቶዮታ በሚያዝያ 2010 መጀመሪያ ዘጋው፤ ሠራተኞቹም የአሜሪካ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር አባላት ነበሩ። የአሜሪካው የትራንስፖርት ሚኒስትር ሬይ ላሁድ በየካቲት 2010 ባለቤቶቹ መኪናዎቹን መንዳት እንዲያቆሙ ተናግረው በዚያው ቀን ንግግሩ ስሕተት እንደ ነበረ ገለጹ። በዚያው ወር የቶዮታው ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። ተቆጣጣሪው መንግሥት የተፎካካሪው ባለቤት በነበረበት ጊዜ ጥርጣሬ መነሣቱ ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም፤ እኔም ያኔ ተጠራጥሬ ነበር።

ወረቀቱን ግን እዚህ ላይ አጥፎ ማስቀመጥ አይገባም። ፖለቲካ ያለው በከሳሹ ወገን ብቻ እንዳልሆነ ለማየት የተከላካዮቹንም ስም ይጻፉ፤ የቶዮታ ፋብሪካ ያለባቸው እንደ ኬንታኪና ኢንዲያና ያሉ ክፍለ ግዛቶች ገዢዎች በዚያው ወር ለኩባንያው ቆመው ለምክር ቤቱ ደብዳቤ ጽፈዋል። ቀጥሎ «ይህ ሁሉ ጠላት ባይኖር ኖሮ ማስረጃው ይኖር ነበር ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ስለ ፔዳሉ መልሱ አዎ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 መጨረሻ ለ31 የአውሮፓ አገሮችና ለካናዳ አከፋፋዮቹ ፔዳሉ የሚጠገንበትን መመሪያ ልኮ ነበር፤ ለአሜሪካ ደንበኞቹ ግን እስከ ጥር ድረስ አላሳወቀም። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ አምራቹ ጉድለቱን ባወቀ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በቶዮታ ላይ የጣለው የ16.4 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት የመጣው በዚህ መዘግየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014ም ኩባንያው ደንበኞቹን ማሳሳቱን አምኖ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ያ የጥገና መመሪያ የተላከው በኩባንያው በራሱ እጅ ስለሆነ የትኛውም ሴራ አያስረዳውም።

መገናኛ ብዙኃንን በተመለከተ የምመክረው ድምፁን አጥፍቶ ምስሉን ብቻ ማየትን ነው። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤቢሲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ስለ ቶዮታ ባስተላለፈው ዘገባ ውስጥ የሞተሩ ዙር መቁጠሪያ በድንገት ሲያሻቅብ ይታያል፤ በኋላ ግን ያ ምስል ከቆመ መኪና የተቀረጸ ሆኖ ተገኘ፤ ጣቢያውም ምስሉን ቀየረው። በዘገባው የታየው ሙከራ የተደረገው የፔዳሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች በሰው እጅ ተነካክተው ሲሆን፣ ቶዮታም በገንዘቡ ባሠራው የመልስ ሙከራ በሌሎች አምራቾች መኪኖች ላይ ተመሳሳይ ነገር እንደሚሆን አሳየ። የሁለቱንም ወገን ሙከራ ሲያዩ ገንዘቡን የከፈለው ማን እንደሆነ፣ መኪናው ላይ ምን እንደ ተቀየረና ያ ለውጥ በመንገድ ላይ በራሱ ሊደርስ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ይህ ዓይነቱ ነገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ሲቢኤስ ስለ ኦዲ 5000 ያቀረበው ዘገባ የኩባንያውን የአሜሪካ ገበያ ለዓመታት አደቀቀው፤ በ1989 ግን የመንግሥቱ ምርመራ አብዛኛው አደጋ ሾፌሮች ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ በመርገጣቸው የደረሰ መሆኑን ደመደመ። በ1992 ኤንቢሲ የጄኔራል ሞተርስ ፒክአፕ ሲጋጭ በእሳት ሲያያዝ ለማሳየት ከመኪናው ሥር ማቀጣጠያ አስሮ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመትም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ጄኔራል ሞተርስ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ስለዚህ ጋዜጠኛው የሚያጋንነው ሁልጊዜ የባዕድ ጠላት ሆኖ እንዳልሆነና እሳት የሚታይበት ምስል ተመልካች ስለሚያመጣም ጭምር እንደሆነ እወቁልኝ።

አድልዎ መኖሩን ለመመዘን ከሁሉ የሚሻለው መንገድ የአገር ውስጡ ኩባንያ በተመሳሳይ ጥፋት ምን እንደ ደረሰበት ማየት ነው። ጄኔራል ሞተርስ በጉዞ ላይ እያለ ሞተሩን የሚያጠፋ የቁልፍ ማብሪያ ጉድለት ለዓመታት ይዞ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው ሪኮል ያወጀው፤ ኩባንያው ባቋቋመው የካሣ ፈንድ ራሱ የ124 ሰዎች ሞት ከዚሁ ጉድለት ጋር ተያይዟል። ኩባንያው በዚያው ዓመት 35 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ በ2015 ደግሞ 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከቶዮታው 1.2 ቢሊዮን ያነሰ መሆኑን ልብ ይሏል፤ የሞተውን ሰው ቁጥር ለሚያስብ ሰው ጥያቄ ያስነሣል። ቢሆንም «የራሳቸውን አይነኩም» የሚለው አባባል በዚህ አይጸናም።

ፍርድዎን ከመስጠትዎ በፊት የመጨረሻውን ምርመራ ይጠብቁ፤ ጫጫታው ሲያበቃ የሚወጣውን ወረቀት የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። የናሳ መሐንዲሶች የቶዮታን ኤሌክትሮኒክስ ለአሥር ወራት ያህል መርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ሲገለጽ፣ ለድንገተኛው ፍጥነት ምክንያት የሚሆን የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት አልተገኘም ተባለ፤ የተረጋገጡት የምንጣፉና የፔዳሉ ችግሮች ነበሩ። መሐንዲሶቹ ማስረጃ አለመገኘቱ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም ማለት እንዳልሆነም ጽፈዋል።

ይህ አነባበብ ዛሬ የበለጠ ያስፈልገናል። መንግሥታችን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለ ከለከለ በአዳማ ጎዳናዎች ላይ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ በእነዚህ መኪኖች ላይ የ100 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከነበረው 10 በመቶ በላይ እስከ 35.3 በመቶ ጨመረ። ከዚያ ወገን የሚመጣውን ዜና ይህን እያሰቡ ያንብቡት። ሆኖም በዚያው ዓመት መስከረም ወር ቢዋይዲ ከመሪው መቆጣጠሪያ ጋር በተያያዘ የእሳት ሥጋት ወደ 97,000 ዶልፊንና ዩዋን ፕላስ መኪኖችን ሲጠራ ማስታወቂያውን ያወጣው የቻይናው ተቆጣጣሪ ራሱ ነው። ዶልፊን ስል እኛ በዚህ ስም የምንጠራውን ሚኒባስ ማለቴ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ።

ዜናውን እንዲህ ካነበቡ በኋላ ወደ ራስዎ መኪና ይመለሱ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ገላ ላይ ከተመታው ጋር ያስተያዩ። ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ከሆነ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉት፤ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መፈለጊያ የሚያገለግለው ለአሜሪካ ገበያ ለተሠራ መኪና ነው። ለጃፓን አገር ውስጥ የተሠራ መኪና ቁጥሩ አጠር ያለ ስለሆነ በአምራቹ የጃፓን ገጽ ይፈለጋል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪና ከሆነ ደግሞ ማስታወቂያው የሚያውቀው ወለልና ፔዳል እርስዎ ጋ ላይኖር ስለሚችል በዓይን ማስመርመር ግድ ነው። ማስተካከያው በኢንተርኔት የሚላክ ከሆነ መኪናው እዚህ ሆኖ ሊቀበለው ይችል እንደሆነ ሻጩን አጥብቀው ይጠይቁ። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራውን ኤርባግ በተለይ አደራ እላለሁ። በሙቀት፣ በእርጥበትና በዕድሜ ብዛት የሚበላሸው ባሩዱ ኤርባጉ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ይረጫል፤ በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚሆኑ ኤርባጎች ተጠርተዋል። የአገራችን መኪኖች ደግሞ ያረጁ ናቸው። ኤርባጉን በሰፈር ጋራዥ አያስፈቱ፤ ሽቦውን በቴስተር መንካት እንኳ አደገኛ ነው፤ ወደ ወኪሉ ይውሰዱት።

ወለሉ ላይ አንድ ምንጣፍ ብቻ ይኑር፤ እሱም በማያያዣው ይታሰር። በፍጥነት መንገዱ ላይ ፔዳሉ ተጭኖ ቢቀርብዎት ፍሬኑን ደጋግመው ሳይረግጡ በአንድ ጊዜ አጥብቀው ይርገጡ፤ ነዳጁ ሙሉ ተከፍቶ ሳለ መደጋገም የፍሬኑን አጋዥ ኃይል ይጨርሰዋል። ማርሹን ወደ ዜሮ ያውጡ፤ ሞተሩ ቢጮኽም አይደንግጡ፤ ዳር ይዘው ሙሉ በሙሉ ከቆሙ በኋላ ያጥፉት።

የሪኮሉን ማስታወቂያ፣ የፈለጉበትን ቀንና የተደረገውን ጥገና የሚያሳየውን ወረቀት በአንድ ላይ ያስቀምጡና መኪናውን ሲሸጡ ከሊብሬው ጋር ለገዢው ያስረክቡት።