ሁለት ቅጂ ከማወዳደራችሁ በፊት ድምፁን እኩል አድርጉ

ጎንደር ፒያሳ ቡና ይዘን የአንድን ሙዚቃ የተለያዩ ቅጂዎች የምናወዳድር ጓደኛሞች ነን። ክላሲካልም፣ ጃዝም። ክርክሩ ይጦፋል። ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ድምፁ ከፍ ብሎ የተከፈተው ነው።

ጆሯችን እንዲህ ነው። ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ የበለጠ ጥርት ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን እኩል አድርጉ። ስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ አለ፤ ስልኩን ከቦታው ሳታንቀሳቅሱ ሁለቱንም ለኩ። ከዚያ ተመሳሳዩን አንድ ደቂቃ እያፈራረቃችሁ ስሙ። አንዱን እስከ መጨረሻው ሰምታችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ የመጀመሪያው ይጠፋባችኋል።

ለመለማመድ ፒያኖ ተጫዋቹ ግሌን ጉልድ አሪፍ ነው። የባክን የፒያኖ ድርሰት «ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» በ1955 ሲቀዳው ወደ 38 ደቂቃ ፈጀበት፤ በ1981 ያንኑ ወደ 51 ደቂቃ አደረሰው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ሰው፣ አንድ ድርሰት! እኔ የኋለኛውን እወዳለሁ። የመክፈቻው ዜማ ፋታ አለው። አዝማሪ ቤት ያደገ ጆሮ ይሄን ቶሎ ይይዘዋል፤ አንዱን ትዝታ ሁለት ሰው ሲጫወተው እየሰማን ነው ያደግነው።

ጃዝ ከሆነ ደግሞ የመለከት ተጫዋቹን የማይልስ ዴቪስን አልበም «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የትኛው ህትመት እንደሆነ እዩ። የ1959ኙ ሸክላ የመጀመሪያ ገጽ በቀረጻው ፍጥነት ችግር ቃናው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የወጣው። በ1992 ህትመት ተስተካክሏል። ማሲንቆ ወይም ክራር ይዛችሁ አብራችሁ ለመጫወት ካሰባችሁ የተስተካከለውን ፈልጉ፤ አለዚያ ቅኝቱ አይገጥምላችሁም።