«ስልኩ ካርድ ይበላል» የሚሉ እናትና አባት ላላችሁ

ሰፈር ውስጥ ስልክ መነካካት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ካለ ያ ሰው እሁድ የለውም። እሱ ሰው እኔ ነኝ። ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ከዕድር ሲወጡ፣ ስልካቸውን በመሀረብ ጠቅልለው ይመጣሉ። አብዛኛው ስልክ ልጅ ከውጭ የላከው ወይም ለበዓል የገዛው ነው። ልጁ ሰጥቶ ሄዷል፣ ጣጣው ለእኔ ቀርቷል። ስለዚህ የምጽፈው ለእናንተ ለልጆቹ ነው። አጥፍቶ ማብራቱን፣ ሲም አውጥቶ መመለሱን ሞክራችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ችግር፦ ካርድ ይሞላሉ፣ ሳይደውሉበት ያልቃል

ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ በዚህ ነው የሚመጡት። ስልክ ካርድ አይበላም። የሚበላው ወይ ዳታ ነው፣ ወይ ማንም ያልጠየቀው የመልዕክት አገልግሎት ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ለዩ፣ መፍትሄያቸው አይገናኝም።

ማታ ላይ (የ09፣ ማለት የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ) *804# ደውላችሁ ቀሪ ሂሳቡን ወረቀት ላይ ጻፉ። ዳታውን አጥፉት። ጠዋት እንደገና *804#። ብሩ እንዳለ ካለ ጥፋተኛው ዳታ ነው። ዳታው ጠፍቶም ከጎደለ መልዕክት ነው። ይህን ሳታደርጉ ስልኩን ሙሉ ሪሴት የምታደርጉ ልጆች አላችሁ፤ እባካችሁ ተዉ። የእናታችሁን ስልክ ቁጥሮች ሁሉ አጥፍታችሁ፣ ካርዱ መበላቱን ይቀጥላል።

መጀመሪያ ዳታው። አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ልጃቸው ከአሜሪካ ስልክ ላከላቸው። ማታ የ100 ብር ካርድ ሞሉ፣ ለማንም አልደወሉም፣ ጠዋት ባዶ። በሦስተኛው ቀን የተፋቁትን ካርዶች በላስቲክ አስረው አመጡልኝ። እያንዳንዱ ላይ ቀንና ሰዓት ጽፈውበታል፣ መምህር አይደሉ! አብረን ካፌ ተቀመጥን፣ 50 ብር ሞላሁላቸው፣ *804# አሳየኋቸው፣ ዳታውን አበራሁና ሻይ አዘዝን። ሁለተኛውን ሻይ ሳንጨርስ ብሩ የለም። ፕሌይ ስቶር ስገባ ከሰላሳ በላይ አፕ ተሰልፎ ራሱን እያደሰ ነው። ጋሼ ከነዚያ ውስጥ የሚያውቁት ሁለቱን ነው፣ ዋትሳፕና ቴሌግራም። ሌላው አብሮ የመጣ ኮተት ነው።

ፓኬጅ ሳይገዙ ዳታ ከፍቶ መተው ማለት ታክሲ በሰዓት ኮንትራት ይዞ ቤት ገብቶ መተኛት ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው። የእኛ ችግር «ዳታ» የሚለውን ቃል ሳናስረዳ «ዳታውን አጥፉት» ማለታችን ነው። እሳቸው የመሰላቸው ዳታ ከጠፋ ስልክ አይገባም። ልጁ ደውሎ ያጣኛል ብለው ነው ቀን ከሌት የከፈቱት።

መፍትሄው ይኸው። ፕሌይ ስቶር ላይ ከላይ ጥግ ያለችውን የፕሮፋይል ፎቶ ተጭናችሁ ሴቲንግ ግቡ፣ ኔትወርክ ፕሪፈረንስ የሚለው ውስጥ አፕ ራሱን የሚያድሰው በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አድርጉ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ግቡና በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ማውረዱን ዝጉት። ዋትሳፕም ላይ እንዲሁ። ዩቲዩብ በትልቅ ጥራት እንዳይከፍት ዳታ ሴቨሩን አብሩለት። የፎቶ ባክአፕ በዋይፋይ ብቻ ይሁን። ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ማድረግ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ ስልኩን ከመስጠታችሁ በፊት ብታደርጉት ደግሞ እኔም እሁዴን አገኛለሁ።

ቀጥሎ ፓኬጅ ግዙላቸው። የቀን ፓኬጅ አትግዙ። የቀን ፓኬጅ ለወጣት ነው፤ አዛውንት ሰው መቼ እንደሚያልቅ አይከታተልም፣ ሲያልቅ ዳታው እንደበራ ነው፣ ከዋናው ሂሳብ መቁረጥ ይጀምራል። የወር ግዙላቸው፣ የሚያልቅበትን ቀን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር አክብቡላቸው። በኢትዮጵያ ቀን፣ አደራ።

ሁለት ሲም ያለው ስልክ ከሆነ ደግሞ ይህን እዩ። ፓኬጁ የተገዛው በ09ኙ ነው፣ ዳታው የተከፈተው በ07ቱ ነው። ፓኬጁ ሳይነካ ይቀመጣል፣ የሌላኛው ሲም ካርድ ይነጉዳል። ይህን ሳላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት የደከምኩበት ቀን አለ። አሁን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

አሁን መልዕክቱ። አንዲት እማማ ከባለሱቁ ጋር ተጣልተው ነበር። «የተበላ ካርድ ነው የሚሸጥልኝ» አሉ። ሱቅ ቀየሩ፣ ያም አልሆነም። ሌላ ሱቅ ቀየሩ። በመጨረሻ ለአንድ ካርድ አስፋልት ተሻግረው ይሄዱ ነበር። መልዕክታቸውን ስከፍት አምስት የተለያየ አጭር ቁጥር በየቀኑ ይልክላቸዋል። የጤና ምክር፣ የኳስ ውጤት፣ የሽልማት ጥያቄ። እማማ ኳስ! እያንዳንዱ በቀን ሁለት ብር። አምስቱ 10 ብር፣ በወር 300። እንዴት ገቡ? ስክሪኑ ላይ ድንገት ጽሑፍ ብቅ ይላል፣ ታች «እሺ» አለ። እማማ ደግሞ ሰው ሲያናግራቸው እሺ ማለት ነው ያደጉበት። እንዲህ አድርጎ ከአሮጊት ጡረታ ላይ ሁለት ሁለት ብር የሚለቅም ነጋዴ ምን እንደምለው አላውቅም።

መፍትሄው፣ መልዕክቱ ከመጣበት አጭር ቁጥር ላይ ገብታችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል «ስቶፕ» ብላችሁ መላክ ነው። ለአንዱ ልካችሁ አትቁሙ፣ ለእያንዳንዱ ላኩ። መውጣታችሁን የሚያረጋግጥ መልስ እስኪመጣ ጠብቁ። ካልመጣ፣ የ09 ሲም ከሆነ 994 ደውሉና በስልክ ያስወጡላችሁ። በነጋታው እንደገና *804# ደውላችሁ አረጋግጡ። እማማ ሁሉንም ላጠፋ ስል እጄን ያዙኝ። አንደኛውን፣ የጾም ምግብ አሠራር የሚልከውን፣ «እሱን ተወው፣ ጥሩ ነው» አሉ። ተውኩት። ያወቁት ሁለት ብር ነው፣ የራሳቸው ጉዳይ።

ከሁለቱም ካልሆነ ብድር ነው። በ*810# የካርድ ብድር ወስደው ረስተውታል፣ ወይም የልጅ ልጅ ወስዶባቸዋል። ካርድ በሞሉ ቁጥር ከነአገልግሎት ክፍያው ይቆረጣል። የልጅ ልጁን ጠይቁ።

ችግር፦ «ብር በስህተት ተልኮልኛል፣ መልሱልኝ የሚል ሰው ደወለ»

አልተላከም። የቴሌብር መልዕክት የሚመጣው 127 በሚል ነው። ከተራ የሞባይል ቁጥር ከመጣ ሌባ ነው። *127# ደውላችሁ ሂሳቡን እዩ፣ የተጨመረ ነገር የለም። ሚስጥር ቁጥር ለደዋይ አይነገርም። ለባንክ ሠራተኛ ነኝ ባይም አይነገርም። ለእኔም አይነገርም፤ ስልክ ላሠራ ብለው ሲመጡ ሳልጠይቃቸው ጮክ ብለው የሚነግሩኝ አሉ። ከቨሩ ውስጥ በወረቀት ጽፎ መክተትም ያው ነው። የልደት ዓመታቸውን ሚስጥር ቁጥር ያደረጋችሁላቸው ደግሞ ዛሬውኑ ቀይሩት።

ችግር፦ ሲነኩት አይሰማም

የሽማግሌ ጣት ደረቅ ነው፣ ስክሪን ደረቅ ጣት በደንብ አይሰማውም። ላይ ላዩን የተለጠፈው ርካሽ ጎሪላ (የስክሪን መከላከያው) ሲጨመርበት ጭራሽ አይሰማም። ላጡት፣ ሞክሩ። ስክሪኑ አንዴ ተሰብሮ በኮፒ ተቀይሮ ከሆነ ግን ችግሩ ጣቱ አይደለም፣ ኮፒው ነው። ዋጋው ለምን እንደቀነሰ ያኔ ይገባችኋል።

ችግር፦ አፑ ጠፋ

አልጠፋም። ጣታቸውን ሲያቆዩበት ተነስቶ ሌላ ገጽ ሄዷል። መልሳችሁ አምጡትና የስክሪኑን አቀማመጥ ቆልፉት።

ችግር፦ ሜሞሪ ሞላ

«እንደምን አደራችሁ» የሚል የአበባ ፎቶ ነው። ከሦስት ማኅበር ግሩፕ በየጠዋቱ ይገባል። አጥፉት፣ አያውቁትም።

ችግር፦ ልጅቷ ከዱባይ በዋትሳፕ ትደውላለች፣ አይገናኝም

ስልኩን አትንኩ። እዚያ አገር በዋትሳፕ መደወል ዝግ ነው። እዚያ የሚፈቀደውን፣ ለምሳሌ ቦቲምን፣ ሁለቱም ስልክ ላይ ጫኑ።

ችግር፦ በቪዲዮ ሲደወል ይጨልማል

ካሜራውም ኔትወርኩም ደህና ነው። የጎረቤቴ ልጅ ከጂዳ «እናቴን ሁለት ወር አላየኋትም፣ ካሜራው ተበላሽቷል፣ ስንት ልላክ» ብላ ጻፈችልኝ። ሄጄ «እስቲ አንሱት» አልኳቸው። አነሱና እንደ ድሮው ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ልጅቱ ሁለት ወር ሙሉ ስታይ የኖረችው የእናቷን ጆሮ ነው። ስልኩን ቡና ረከቦቱ ላይ፣ ስኳር ዕቃውን አስደግፌ አቆምኩላቸው። ፊቷን ሲያዩ የመጀመሪያ ቃላቸው «ምነው ከሳሽ» ነበር።