የመምህራን ስልጠና የት ጋ ነው የሚበላሸው? ችግርና መፍትሄ ከጅማ

ይሄን የምጽፈው በትምህርት ቤታቸው ተሙማ (ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) እንዲያስተባብሩ ለተመደቡ መምህራን፣ ለሱፐርቫይዘሮች፣ እንዲሁም «በሚቀጥለው ሳምንት ስልጠና ይዘጋጅ» የሚል ደብዳቤ ለደረሳቸው ዳይሬክተሮች ነው። ጅማ ከተማ ውስጥም፣ በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ሰቃ፣ ማና፣ ቀርሳ እያልኩም ብዙ ስልጠና ላይ ተቀምጫለሁ፤ ብዙም ሰጥቻለሁ። ያየሁት ነገር ቢኖር ስልጠና የሚበላሸው አዳራሽ ውስጥ አለመሆኑ ነው። ቀድሞ ዕቅዱ ላይ ተበላሽቶ ነው አዳራሽ የሚገባው። ስለዚህ የምታዩትን ምልክት ይዛችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።

«በጣም ጥሩ ስልጠና ነበር» ብለው ይሄዳሉ፣ ክፍል ውስጥ ግን ምንም አልተለወጠም

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። ሁለት ቀን ይሰለጠናል፣ ይጨበጨባል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል። ከወር በኋላ ክፍል ስትገቡ መምህሩ እንደ ድሮው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ።

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ስልጠናው ስለ ዘዴው አወራ እንጂ ዘዴውን አላለማመደም። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ ሲያስረዱ ኖረዋል። ማብራሪያ ብቻውን ክፍል ድረስ አይዘልቅም። በተግባር ማሳየትና ማለማመድ ሲጨመርበት መምህሩ ይችለዋል፤ ግን ክፍሉ ገብቶ በቋሚነት የሚሠራበት ከስልጠናው በኋላ አጠገቡ ሆኖ የሚያግዘው ሰው ሲኖር ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ቀን አንድ ላይ አትጨርሱት፣ ከፋፍሉት። መጀመሪያ ግማሽ ቀን ስልጠና፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ክፍል ውስጥ ልምምድ፣ ከዚያ ግማሽ ቀን ተገናኝቶ «ምን ሠራ፣ ምን እምቢ አለ» መባባል፣ እንደገና ልምምድ፣ እንደገና ግማሽ ቀን፤ እንዲህ እያለ አራት ግማሽ ቀን፣ ከእያንዳንዱም በኋላ የሦስት ሳምንት ልምምድ። ሰዓቱ ያው ነው። ሁለት ቀን የነበረው ወደ ሦስት ወር ይዘረጋል፣ ለውጡ የሚመጣው ደግሞ በመሃሉ ባሉት ሳምንታት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ምክንያቱም ይሄ በወሬ ብቻ አይገባም። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለካች። 1 ሰከንድ ገደማ ነው። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉት ይቀንሳሉ፣ እጅ የማያወጡት ማውጣት ይጀምራሉ። ይሄ 70 ልጅ ያለበት ክፍልም ውስጥ ይሠራል፤ ሳንቲም አይጠይቅም። በመጀመሪያው ግማሽ ቀን መምህራኑ ተራ በተራ ይጠይቁ፣ ጓደኛቸው በስልኩ ሰዓት ይያዝ። 3 ሰከንድ ቆሞ ሲጠበቅ ምን ያህል እንደሚረዝም ሰው የሚገባው ራሱ ሲጠብቅ ነው። ከዚያ በሦስቱ ሳምንታት ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ክፍት ፔሬድ ሲኖረው የሌላው ክፍል ገብቶ ከኋላ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። የሚጽፈው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ሰከንድ ተጠበቀ፣ ማን መለሰ። ማርክ የለም። ወደ ቢሮ የሚሄድ ወረቀትም የለም። በዚህ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ያቺ ወረቀት ቢሮ ከገባች ነገሩ ሁሉ ወደ ቁጥጥር ይለወጣል።

«ይሄን ስንት ጊዜ ሰማን»

አዳራሹ ገና ሲጀመር የሚሰለች ከሆነ ርዕሱ የመጣው ከላይ ነው ማለት ነው። ወይም ደግሞ የፍላጎት መጠይቅ በትናችሁ ነበር። መጠይቁ ላይ 12 ርዕስ ተደርድሯል፣ መምህሩ ሁሉንም «ያስፈልገኛል» ብሎ ምልክት ያደርጋል፣ እናንተም ከላይ ያለውን ትመርጣላችሁ። ያ ፍላጎት ጥናት አይደለም።

ደብተር ሰብስቡ። እውነቴን ነው። ከአንድ የክፍል ደረጃ 30 ደብተር ወስዳችሁ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላችሁ አገላብጡ። ያለፈውን ፈተና ወረቀት ጨምሩና የትኛው ጥያቄ ላይ ነው ብዙ ልጅ የወደቀው ብላችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ሁለት ክፍለ ጊዜ ገብታችሁ ተመልከቱ። እነዚህ ሦስቱ ከየትኛውም መጠይቅ ይበልጣሉ።

አንድ ጊዜ እንዲህ ስናደርግ የ6ኛ ክፍል ልጆች ደብተር ላይ ½ እና ⅓ ሲደመሩ ⅖ ሆነው ደጋግመው አገኘናቸው። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው ማለት ነው። መምህሩም በቀይ ኤክስ አድርጎ አልፏል። ለዚያ ትምህርት ቤት በዚያ ወቅት የሚያስፈልገው ስልጠና ግልጽ ሆነ። «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» የሚል ሰፊ ርዕስ ቀርቶ «ልጁ ክፍልፋይን እንደ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሲያይ ምን እናድርግ?» የሚል ሆነ። ዳቦ ቆርሰን፣ ወረቀት አጥፈን፣ ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ ከግማሽ እንዴት ሊያንሱ ይችላሉ ብለን ልጁን የምንጠይቅበትን መንገድ አብረን ሠራን። ያን ቀን ከሰዓት ማንም አላንጎላጀም።

የስልጠናው ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ፣ ውስጡም የክፍል ደረጃና የልጅ ስህተት ከሌለበት፣ ዕቅዱን ገና አትጀምሩ። ለዚህ አሠራር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቅበት ማህበረሰብ ተኮር ትምህርት እኮ ይሄው ነው፤ ተማሪው መጀመሪያ መንደር ወርዶ ችግሩን ይለያል፣ ቅድሚያ ይሰጣል፣ ዕቅዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኛ መምህራንን ስናሠለጥን ለምን ቅደም ተከተሉን እንደምንገለብጥ አይገባኝም።

«ይሄ ለኛ ክፍል አይሆንም»

ይሄን ሲሏችሁ አትከራከሯቸው። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። ምሳሌያችሁ 25 ልጅ ክብ ሠርቶ የሚቀመጥበት ክፍል ነው፣ የእነሱ ክፍል ደግሞ ሦስትና አራት ልጅ የሚቀመጥበት የማይነቃነቅ ዴስክ ያለበት።

እኔ ራሴ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። አንድ ትምህርት ቤት ስለ ቡድን ሥራ ለማሰልጠን ሄጄ ሙሉ ጠዋት ቆሜ ተናገርኩ። አንዲት ብዙ ዓመት ያስተማሩ መምህርት እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ ነገ ጠዋት የኔ ክፍል ገብተህ አሳየና» አሉኝ። ደነገጥኩ። ገባሁ። 64 ልጆች ነበሩ። ያሰብኩት የቡድን ሥራ በ10 ደቂቃ ውስጥ ፈረሰ፤ በየቡድኑ አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። ተመልሰን ከመምህራኑ ጋር ቁጭ አልንና በአምስት ልጅ ፋንታ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ልጆች ይሥሩ፣ ማን እንደሚመልስ ደግሞ ቀድሞ አይታወቅ ብለን ቀየርነው። በሚቀጥለው ቀን ተሻለ። መምህራኑ ከዚያ በኋላ ነው የሰሙኝ፤ ስፈርስም ስስተካከልም አይተውኛላ።

ቶማስ ጋስኪ የተባለው የዘርፉ ሰው የሚለውም ይሄን ይመስላል። አብዛኛው ስልጠና መጀመሪያ የመምህሩን እምነት ልቀይር ይላል። መምህሩ ግን የሚያምነው የራሱ ተማሪ ሲለወጥ ካየ በኋላ ነው። እናም መድረክ ላይ ለማሳመን አትድከሙ። የእውነተኛ ልጆችን እውነተኛ ክፍል ተበድራችሁ አንድ 40 ደቂቃ አስተምሩ፣ ሠልጣኞቹ ከኋላ ይቀመጡ። ሙሉ ትምህርቱ ይከብዳል ካላችሁ ትንሽ ነገር ስጧቸውና ነገ ሞክረው ይምጡ።

ሦስት ሰው ብቻ ያወራል፣ ሌላው ዝም

አዳራሹን በዓይናችሁ ቃኙ። ከወረዳ የመጣ ኃላፊ ፊት ወንበር ላይ አለ? ዘንድሮ የተቀጠረች መምህርት ከ25 ዓመት ነባር ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ነች? ከሆነ ዝምታው ጨዋነት ነው። እኛ ዘንድ በትልቅ ሰው ፊት «እኔ ይሄ አይገባኝም» አይባልም። ኃላፊው ስልጠናውን ከፍቶ ይውጣ፣ በክብር ለምኑት። ጀማሪዎቹን ደግሞ ለብቻ አቀማምጧቸው፤ ሲደፍሩ ከነባሮቹ ጋር ትቀላቅሏቸዋላችሁ።

ሌላው ቋንቋ ነው። ጅማ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ብዙው መምህር የሚያስተምረው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ አንዳንዱ በአማርኛ፣ ስላይዱ ግን በእንግሊዝኛ። ሰውየው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን ሐሳቡን እንግሊዝኛ ለማድረግ ሲታገል ነው ተራው የሚያልፈው። በየቡድኑ በፈለጉት ቋንቋ ይወያዩ። ክፍል ውስጥ የሚባሉትን ጥያቄዎች ደግሞ በሚያስተምሩበት ቋንቋ ቃል በቃል ይጻፏቸው። ነገ ልጆቹ ፊት የሚሉት እሱን ነውና።

ከምሳ በኋላ ግማሹ የለም፣ ያለውም አበል ይጠይቃል

መምህሩን ገንዘብ ወዳድ ከማለታችሁ በፊት መንገዱን አስቡ። ከዴዶ ገጠር ተነስቶ ጅማ የሚመጣ መምህር ለመኪና፣ ለባጃጅ፣ ለምሳ ከኪሱ አውጥቷል፣ ማታ የመመለሻ መኪና ያጣል። አበል ካለ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል ጥሪው ላይ ጻፉ። ከሌለም የለም በሉ። ሰው የሚከፋው በማጣቱ ሳይሆን በመሸወዱ ነው። ከተቻለ ደግሞ እናንተ ወደ ጉድኝት ማዕከሉ፣ ማለትም አጎራባች ትምህርት ቤቶች ወደሚሰባሰቡበት ትምህርት ቤት ሂዱ። አንድ አሠልጣኝ ቢንቀሳቀስ ይሻላል ወይስ 40 መምህር?

ቀኑንም ተጠንቀቁ። ዓርብ ከሆነ ለጁምዓ ሶላት በቂ ሰዓት ይተው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምሳ ይኑር፣ ረመዳን ከሆነ በጠዋት ተጀምሮ በጊዜ ይለቅ። ከሁሉም በላይ የቡና ለቀማውን አትርሱ። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ባለው ጊዜ የገጠር ልጆች ከቤተሰብ ጋር ለቀማ ይገባሉ፣ ክፍሉ ይሳሳል። የሦስት ሳምንት ልምምዱን እዚያ ውስጥ ከጣላችሁት መምህሩ የሚለማመድበት ልጅ አያገኝም። እኔ የመጀመሪያውን ዙር መስከረም ላይ ትምህርት እንደተጀመረ አድርጌ፣ በለቀማው ሰሞን ደብተር እያየሁ ቆይቼ፣ ሁለተኛውን ዙር ከመንፈቅ ዓመት ዕረፍት በኋላ እቀጥላለሁ።

ሞክረው ተዉት

ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም መምህሩ እሺ ብሎ ነበር። ልጆቹን ማወያየት ጀመረ፣ ክፍሉ ጫጫታ ሆነ፣ ዳይሬክተሩ በመስኮት አይቶ «ምንድነው ይሄ ገበያ?» አለ። በቃ። ወይም ሱፐርቫይዘሩ ለክፍል ምልከታ መጥቶ በያዘው ቅጽ ላይ የክፍል ቁጥጥር ደካማ ብሎ ሞላ።

ዳይሬክተሩ ከመክፈቻ ንግግር በኋላ ይውጣ የሚለውን ልማድ ተዉት። ከወረዳ የመጣው እንግዳ ይውጣ፤ ዳይሬክተሩ ግን እንደ ሠልጣኝ እስከ መጨረሻው ይቀመጥ። ዕቅዱ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ጨምሩ፦ በልምምዱ ሦስት ሳምንት ለውጤት ምዘና ማንም ክፍል አይገባም። ይሄ ስምምነት ከስልጠናው በፊት ካልተፈረመ ብዙ ጊዜ አይከበርም።

ፖርትፎሊዮው ወፍራም ነው

በሀገራችን የተሙማ ማዕቀፍ አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሻሽል ይጠበቃል። ዑደቱም ትንተና፣ ዕቅድ፣ ትግበራ፣ ግምገማ ነው። ጥሩ ነው። ችግሩ 60ው ሰዓት ፖርትፎሊዮ በሚባለው የመምህሩ የሥራ ማኅደር ውስጥ ባለው ወረቀት ብዛት ሲቆጠር ነው። መምህሩ ከጓደኛው ገልብጦ ቀን ቀይሮ ያስገባል። ለአንድ ዑደት አንድ ገጽ ብቻ ጠይቁ፤ ምን ሞከርኩ፣ ልጆቹ ምን አደረጉ፣ ቀጥሎ ምን እቀይራለሁ። ከጀርባው የሁለት ልጆች ሥራ ይያያዝ፣ የበፊቱና የአሁኑ። እሱን መገልበጥ አይቻልም።

የተሞላው ቅጽ ሁሉ «እጅግ በጣም ጥሩ» ይላል

መውጫ በር ላይ የምትበትኑት መጠይቅ የሚለካው ምሳውንና የእናንተን ተወዳጅነት ነው። ጋስኪ ስልጠናን በአምስት ደረጃ መዝኑ ይላል፤ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ትምህርት ቤቱ ደገፈው ወይ፣ ክፍል ውስጥ ሠራበት ወይ፣ ተማሪው ተለወጠ ወይ። ስታቅዱ ግን ከአምስተኛው ወደ አንደኛው ውረዱ። «የ6ኛ ክፍል ልጆች ክፍልፋይ ሲደምሩ ይሄን ስህተት ይተዉ» ከሚለው ተነሱና ለዚያ መምህሩ ምን ማድረግ አለበት፣ ለዚያ ትምህርት ቤቱ ምን ይፍቀድ፣ ለዚያ ምን ይማር እያላችሁ ተመለሱ። አዳራሹና ሻይ ቡናው መጨረሻ ላይ ይመጣሉ።

መለኪያው ቀላል ይሁን። ከስልጠናው በፊት አምስት ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ለልጆቹ ስጡ፣ ወረቀቶቹን አስቀምጡ። ከሦስት ወር በኋላ ተመሳሳይ አምስት ጥያቄ፣ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሮ። ሁለቱን ክምር ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከመምህራኑ ጋር ተመልከቱ። ያልተለወጠ ካለ መምህሩን አትጠይቁ፤ ልጁን ጥሩትና «እንዴት ሠራኸው? ንገረኝ» በሉት። የሚቀጥለው ስልጠና ርዕስ ከእሱ አፍ ይወጣል።