የዋንዛ እንጨት ሲገዙና ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ በርም ሆነ ቁም ሣጥን የሚያሠራ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋንዛን ነው። ሥራው ተጠናቆ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን «መዝጊያው ተጣመመ»፣ «ነቀዝ ገባበት» የሚል ስሞታ መስማት የተለመደ ነው፤ የስሞታው ምክንያት በአብዛኛው ጥድፊያ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ርጥብ ጣውላ ለሥራ ማዋል ነው። እንጨት ከደረቀም በኋላ ቢሆን ከአየሩ እርጥበት መቀበሉንና መልሶ መስጠቱን አያቆምም። ስለዚህ በነሐሴ ዝናብ ወቅት በርጥቡ የተገጠመ በር የየካቲትና የመጋቢት ደረቅ አየር ሲያገኘው ርዝመቱ እምብዛም ሳይለወጥ በወርዱ ይኮማተራል፤ መጋጠሚያው ይላቀቃል፣ በጣውላዎቹም መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጠራል። በአየር ለማድረቅ የተለመደው ስሌት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ በሞቃት አካባቢ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ ሥር መደርደርና በየረድፉ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች ሊገቡበት ይገባል፤ እርጥበት በጫፍ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣም ሁለቱን ጫፎች ቀለም መቀባት ስንጥቁን ይቀንሳል። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ስንጥቁን ያባብሳል።

ሁለተኛው ስህተት የግንዱን ልብ ከነጩ ክፍል አለመለየት ነው። ቡናማው ልብ ምስጥንና ነቀዝን በተሻለ ሁኔታ ሲቋቋም፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ እንጨት ቶሎ ይበላል። ቀለም የተቀባ ዕቃ ሲገዙ መሳቢያውን አውጥተው ከሥሩ ያልተቀባውን ገጽ ይመልከቱ፤ ዋንዛ ነው ተብሎ ባሕር ዛፍ ቢሸጥልዎ እንኳ ክብደቱ ያሳብቃል፣ ዋንዛ ከባሕር ዛፍ ቀለል ይላልና።

ዋንዛ ለመጥረብና ለመላግ ምቹ መሆኑ ለሁሉም ሥራ ይሆናል ማለት አይደለም። ለቤት ዕቃ፣ ለከበሮና ለሙቀጫ የተመሰከረለት ቢሆንም፣ መሬት ውስጥ ለሚቀበር የአጥር ምሰሶ ጥድ ወይም ወይራ ይመረጣል።

የእንጨቱን ምንጭ ሳይጠይቁ መግዛትም ስህተት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ዛሬም ቢሆን የተቆረጠበትን ቦታና ፈቃዱን የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ሻጭ በዋጋ ቅናሽ ቢያባብልዎ፣ ጣጣው ለገዢውም ይተርፋል።

በመጨረሻም፣ በጓሯቸው ዋንዛ ያላቸው ሰዎች ዛፉን በጣውላው ዋጋ ብቻ ይተምኑታል። በዘጌ ቡናው የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሲሆን ከእነርሱም አንዱ ዋንዛ ነው፤ ነጭ አበባውን ንብ ይቀስመዋል፣ ተለጣፊውን ቢጫ ፍሬ ልጆች ይበሉታል፣ ቅጠሉም ለከብት መኖ ይሆናል። መቁረጥ ግድ ከሆነ ችግኙ አስቀድሞ ይተከል፤ ዋንዛ ለብቻው በሰፊ ቦታ ሲያድግ ግንዱ አጥሮ ስለሚጣመም፣ የጎን ቅርንጫፎቹን ገና በለጋነቱ መመልመል ቀጥ ያለ ጣውላ የሚወጣው ግንድ ለማግኘት ይረዳል።