የወፍ ፎቶ ሲደበዝዝ፦ ሌንሱን ከመሸጣችሁ በፊት ፊልተሩን ፍቱ

«ሌንሴ ተበላሽቷል መሰለኝ» ብሎ ካሜራውን የሚያቀብለኝ ሰው አይጠፋም። እኔ ቀድሜ የማየው ሌንሱን አይደለም፤ ፊቱ ላይ የተጠመደችውን መስታወት ነው።

ምልክቱ ይሄ ነው። ዙሙ 70 ሚሊ ሜትር ላይ ሲሆን ፎቶው ጥርት ይላል። 300 ላይ ሲደርስ ላባው በቀለም የተቀባ ይመስላል፣ የቅርንጫፉ ጠርዝ ድርብ ይሆናል። ፎከሱም ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ አይቆምም።

ምክንያቱ በአብዛኛው «ለመከላከያ» ተብሎ የተገጠመ ርካሽ ፊልተር ነው። የመስታወቱ ሁለት ፊቶች በትክክል ስላልተስተካከሉ ብርሃኑን ያዛባሉ። ዙሙ አጭር ሲሆን ስህተቱ አይታወቅም። ሩቁን ስታቀርቡ ግን ስህተቱም አብሮ ይቀርባል። ያን ሁሉ ብር ያወጣችሁበት ሌንስ ላይ የመስኮት መስታወት መለጠፍ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ የዓሣ አንጀት ሲሻሙ ወዳጄ ከአምስት እርምጃ ላይ ያነሳቸዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ! አንዱም አልጠራም። ለካ ሌንሱን በግማሽ ዋጋ የሚወስድ ገዢ ሁሉ አግኝቷል። ፊልተሩን ፈታሁለትና ደግሞ አነሳ። ራሰ በራው አናት ላይ ያሉት ጥቂት ፀጉሮች አንድ በአንድ ተቆጠሩ። ሽያጩ ቀረ። አልሳቅኩበትም፤ እኔም አንድ በጋ ሙሉ እጄ የሚንቀጠቀጥ መስሎኝ ቡና አቁሜ ነበር።

ካሜራውን ግንብ ላይ አስደግፉ፣ ሻተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/1000 ሰከንድ አድርጉ። አንዱን ነገር በፊልተርና ያለ ፊልተር አንስታችሁ፣ አጉልታችሁ አወዳድሩ። ፊልተሩ አልፈታ ካለ ቀለበቱ ላይ ሰፊ ላስቲክ ጠምጥማችሁ በቀስታ አዙሩ። አትጭመቁት፣ ይብሱን ይነክሳል። ፒንሳ የሚባል ነገር እንዳታስጠጉ! ቀለበቱ ከጎበጠ በኋላ ወደ እኔ አታምጡት። የሌንሱን ፊት በነጠላ ጫፍ መጥረግም ይቅር፤ መጀመሪያ አቧራው በአየር ይነፋ። መከላከያ የግድ ካላችሁ ሁዱ፣ ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ጥላ፣ ይበቃል።

ፊልተር ሳይኖርም ይደበዝዛል? ሰዓታችሁን እዩ። ረፋድ 4 ሰዓት ካለፈ ሙቀቱ የሐይቁን ዳር አየር ያርገበግበዋል፤ ውድ ሌንስም አያድናችሁም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እዚያ ሁኑ።

ለሚበር ወፍ ከ1/2000 አትውረዱ። ንብ ላይ ፎከስ እምቢ ካለ በጣም ተጠግታችኋል፣ ትንሽ ወደ ኋላ በሉ። ካሜራው ሌንሱን አላውቀውም ካለ፣ አጥፉትና የሌንሱን የመገናኛ ነጥቦች በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ።