ፕሪፊክስ ሲደራረብ ዲኮደራችሁ የሚቀውሰው ለምንድን ነው?

ጎንደር ፒያሳ ቡና ይዘን ስለ ኮድ ስናወራ ይቺ ጥያቄ ትደጋገማለች። አንዱ ልጅ ለኤክስ86 (ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች) ባለ 64 ቢት ዲስአሴምብለር ይጽፋል፤ የማሽን ኮድን ወደሚነበብ ትእዛዝ የሚመልስ ፕሮግራም ማለት ነው። ባይቶቹን የሚፈታው ክፍል ዲኮደር ይባላል፤ ፕሪፊክስ ደግሞ ከትእዛዙ ፊት ገብቶ አሠራሩን የሚቀይር ባይት ነው። በራሱ ትንሽ ፕሮግራም ላይ ልክ ነው። ትልቅ ፋይል ሲሰጠው ግን ይቀውሳል።

ምልክት፦ 66 66 90 (ባይቶቹ በሄክሳዴሲማል ናቸው) ላይ ሲደርስ «የማይታወቅ ትእዛዝ» ይላል። 66 የዳታውን መጠን ወደ 16 ቢት የሚቀይር ፕሪፊክስ ነው፤ 90 ደግሞ «ኖፕ»፣ ምንም የማይሠራ ትእዛዝ።

ምክንያት፦ ኮዱ ከየዓይነቱ አንድ ፕሪፊክስ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ፕሮሰሰሩ ግን «አቶ አቶ አበበ» ብትሉትም አበበን አያጣውም። ሁለተኛው 66 ቦታ ይሞላል እንጂ ትርጉም አይጨምርም። አሴምብለሮች ሆን ብለው ይጨምሩታል፤ ቀጣዩ ኮድ ለምሳሌ 16 ባይት ድንበር ላይ እንዲያርፍ።

መፍትሄ፦ ፕሪፊክስ እስካለ ድረስ በሉፕ አንብቡ፤ ለየዓይነቱ አንድ ፍላግ («ታይቷል» የሚል ማስታወሻ) ይበቃል። ባይቱንም ቁጠሩ። አንድ ትእዛዝ ከ15 ባይት አያልፍም። 14 ጊዜ 66 ከዚያ 90 ይሠራል። አንድ 66 ከጨመራችሁ ፕሮሰሰሩ ጄኔራል ፕሮቴክሽን ፎልት ያነሳል።

ምልክት፦ ትእዛዙ ይነበባል፣ መጠኑ ግን የተሳሳተ ነው።

ይሄኛው ክፉ ነው፤ ኤረር የለውም። እነዚህን ሁለቱን አስተያዩ፦

66 48 89 07
48 66 89 07

የመጀመሪያው ከራክስ (ባለ 64 ቢት ሬጅስተር) 8 ባይት ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። ሁለተኛው ከኤኤክስ (የዚያው ሬጅስተር የታችኛው 16 ቢት) 2 ባይት ብቻ። ባይቶቹ ያው ናቸው፣ ቅደም ተከተሉ ተቀየረ እንጂ።

ምክንያት፦ 48 የሬክስ ፕሪፊክስ ነው፤ እዚህ መጠኑን 64 ቢት የሚያደርግ። ሬክስ ከኦፕኮዱ (ትእዛዙን ራሱን ከሚለየው ባይት፣ እዚህ 89) ጋር ካልተጣበቀ ፕሮሰሰሩ እንዳላየ ያልፈዋል። ከተጣበቀ ደግሞ 48 በ66 ላይ ያሸንፋል። ኢንቴል ማኑዋሉ ላይ ጽፎታል፤ ግን ያን ሁሉ ገጽ ማን ያነባል?

መፍትሄ፦ ከሬክስ በኋላ ሌላ ፕሪፊክስ በመጣ ቁጥር የያዛችሁትን ሬክስ ዜሮ አድርጉት። አንዲት መስመር ናት።

ምልክት፦ ኤፍ3 90 «ኖፕ» ተብሎ ይወጣል።

ምክንያት፦ «ትርፍ ነው» ብላችሁ ኤፍ3ን ቀድማችሁ ጣላችሁት። እዚህ ጋ ትርፍ አይደለም፤ ትእዛዙ «ፖዝ» (ፕሮሰሰሩ ለአፍታ እንዲቆይ የሚነግር) ነው። ኤፍ3 ሲ3 ግን ያው ተራ «ሬት» (ከፈንክሽን መመለሻ) ነው፤ ኤፍ3 የገባው ለድሮዎቹ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ብራንች ፕሬዲክሽን (ኮዱ ቀጥሎ ወዴት እንደሚዘል መገመት) ሲባል ነው።

መፍትሄ፦ ኦፕኮዱን ሠንጠረዡ ላይ ሳትፈልጉ ምንም ፕሪፊክስ አትጣሉ። ትርፍ መሆን አለመሆኑን ኦፕኮዱ ይወስን። ከዚያ ውጤታችሁን ከኦብጅዳምፕ (ዝግጁ የዲስአሴምብለር መሣሪያ) ጋር አስተያዩት፤ እሱ ትርፉን 66 «ዳታ16» ብሎ ያሳያችኋል።