ደንበኛ የምንሆንበት ቤት ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ የሚበላበት ቤት አይጠፋም። ከአንድ ፌርማታ ወደሚቀጥለው በእግራችሁ ብትሄዱ ሥጋ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ኬክ ቤት፣ ሽሮ ቤት ተደርድረው ታገኛላችሁ። እንግዳ ከክፍለ ሀገር ወይም ከውጭ ሲመጣ ግን «የት ልውሰደው?» ብለን ጭንቅ ውስጥ እንገባለን። ከዚያ ያው የለመድነው ቦሌ ያለ ቤት እንወስደዋለን፣ ብዙ እንከፍላለን፣ እንግዳውም በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ይላል።

እኔም ብዙ ጊዜ ተሸውጃለሁ። አሁን ሳስበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ጥሩ ነበር። የማይሆን ምግብ ያዘዝኩት፣ በማይሆን ሰዓት ወይም በማይሆን ቀን የሄድኩት እኔ ነኝ።

«የት ይጣፍጣል?» ብሎ መጠየቅ

ስህተቱ ከጥያቄው ይጀምራል። «ሽሮ የት ይጣፍጣል?» ስትሉ ነው የሚረባ መልስ የምታገኙት። የከተማችን ቤቶች ሥራቸውን ታፔላቸው ላይ ጽፈውታል። ፉል ቤት፣ ክትፎ ቤት፣ ሽሮ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ኬክ ቤት። ሜኑው ስድስት ገጽ ቢሆን፣ ፓስታም ፒዛም ቢኖርበት፣ ማድ ቤት ያለችው ባለሙያ እጇ የገባው አንድ ወይም ሁለት ነገር ነው። የቀረው ማሟያ ነው።

አንድ ጊዜ ስሙ የተጠራ ክትፎ ቤት ገብቼ ዓሣ ጉላሽ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ቀና ብላ አየችኝና «ዓሣ?» አለችኝ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ የመጣው ነገር ዓሣ መሆኑን ያወቅኩት በአጥንቱ ነው። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም።

ክትፎ ቤት ከገባችሁ ከክትፎው በፊት አጃቢዎቹን ቅመሱ። ቆጮው ስስ ሆኖ ትኩሱን ከመጣ፣ አይቡ ካልጎመዘዘ፣ ጎመኑ በደንብ ከደቀቀ፣ ማድ ቤቱ ውስጥ የጉራጌ ሙያ የገባው ሰው አለ። ቅቤው ኮረሪማ ኮረሪማ ማለት አለበት። «ጥሬ፣ ለብለብ፣ ወይስ የበሰለ?» ብሎ የማይጠይቅ ክትፎ ቤት ግን ጥርጣሬ ያሳድርባችሁ።

ለማታውቁት ቤት ሁሉ የሚሠራ ዘዴም አለኝ። ሜኑውን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያችሁን እዩ። አብዛኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው ምንድን ነው? እሱን እዘዙ።

ወጡን ብቻ መቅመስ

ይሄኛው ለሀበሻ ምግብ ቤት ነው። ብዙ ሰው ቤትን የሚመዝነው በወጡ ነው። እኔ መጀመሪያ ከእንጀራው ጠርዝ ቆርሼ ባዶውን እቀምሳለሁ። ዓይኑ ያልወጣ፣ ከመጠን በላይ የኮመጠጠ ወይም ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ሽሮው ምን ቢሆን አያድነውም። ጤፍ ስለተወደደ ቀላቅለው የሚጋግሩ አሉ። አልፈርድባቸውም። ጠይቁና ግን እወቁ፤ የሚደብቅ ቤት ሌላም ነገር ይደብቃል።

ሰዓቱን አለማወቅ

ፉል ጠዋት ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ድስቱ ሙሉ ነው፤ ቃሪያው፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙም ገና መከተፋቸው ነው። አምስት ሰዓት ላይ የሚደርሳችሁ የድስቱ ቂጥ ነው። ዱለትም እንደዚሁ። ቄራ የሚታረደው ሌሊት ነው፣ ሥጋ ቤት የሚደርሰው ሲነጋጋ። ጨጓራና ጉበት ደግሞ መዋል አይወዱም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ዱለት ያዘዘ ሰው የጠዋቱን ነው የሚበላው።

ዳቦ ቤት ላይ ደግሞ ይብሳል። «የዚያ ቤት ዳቦ ደረቅ ነው» የሚል ሰው ስንት ሰዓት ላይ እንደገዛ ጠይቁት። አብዛኛው የሰፈር ዳቦ ቤት ቀን ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የሚያወጣው። የሰፈሩ ልጆች ሰዓቱን በልባቸው ያውቁታል፤ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መሰለፍ ይጀምራሉ። እናንተም ባንኮኒው ላይ ያለችውን «ዳቦው ስንት ሰዓት ይወጣል?» በሏት።

ግን ትኩስ ዳቦም ያታልላል። ከምድጃ ሲወጣማ መጥፎውም ይጣፍጣል። አዲስ ዳቦ ቤት ስሞክር ሁለት እገዛለሁ፤ አንዱን እዚያው መንገድ ላይ እበላዋለሁ፣ ሌላውን ለማግስት አስቀምጠዋለሁ። በማግስቱ ሲነካ የሚበተን፣ ተጭነውት ተመልሶ የማይነሳ ከሆነ አየር ነው የገዛሁት ማለት ነው። ደህናው ሻይ ውስጥ ሲነከር ቅርጹን ይዞ ይቆያል። (የፉርኖ ዳቦ የምንለው በነገራችን ላይ ከጣሊያንኛ ነው፤ ፉርኖ ማለት ምድጃ ነው። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲሄድ ማኪያቶውንም፣ ፓስታውንም፣ ፉርኖውንም ትቶልን ሄደ።)

ኬክ ቤት ሚልፎሊ ካማራችሁ ጠዋት ሂዱ። ክሬሙ ሲውል ቅጠሉን ያረጥበውና ማታ ላይ ኩርሽም አይል። ቦምቦሊኖ ከቀዘቀዘ እርሱት።

ጾሙን አለማስላት

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚበላ ሰው፣ ይጹምም አይጹምም፣ ይህ ዋና እውቀት ነው። ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት ብዙ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ጭራሽ ዘግተው ወይም ወደ ጾም ምግብ ዞረው ታገኟቸዋላችሁ። ሥጋ የሚፈልግ ወደ ሙስሊም ሥጋ ቤት ይሄዳል።

ብዙዎች የሚስቱት ግን ተቃራኒውን ነው። በየዓይነቱ ማክሰኞ ማታ አዘው «ቤቱ አይረባም» ይላሉ። ማክሰኞ ማታ በየዓይነቱ የሚበላ ስንት ሰው አለ? ምስሩም፣ ክኩም፣ ጎመኑም ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ማን ያውቃል። ያንኑ ቤት ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሂዱበት። ወጡ የተሠራው በትልቅ ድስት ነው፣ ከድስት ወደ ትሪ እየተጨለፈ ነው፣ ሱፍ ፍትፍት አለ፣ ቲማቲም ለብለብ አለ፣ ስልጆም ሊኖር ይችላል። ሽሮ ቤት የሚፈተነው በጾም ነው። በሁዳዴ መጨረሻ ላይም ሰልፍ ያለበት ሽሮ ቤት ካገኛችሁ ስልክ ቁጥሩን ያዙ።

ኬክ ቤቶችም ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት የጾም ኬክ ይሠራሉ። አንዳንዱ ስፖንጅ እቃ ማጠቢያ ነው፤ እውነቱን እንናገር። ግን ያለ እንቁላል ለስላሳ ኬክ ያወጣ ጋጋሪ በፍስኩ ቀን የሚሠራው አያሳፍርም።

ረመዳን ሲሆን ደግሞ አመሻሹን ወደ መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ አካባቢ ውረዱ። ለአፍጥር የሚጠበሰው ሳምቡሳ እዚያው ዘይቱ ውስጥ እያለ ነው የሚሸጠው። ሙሸበክም አለ። ያንን ሳምቡሳ የለመደ ሰው ካፌ መስታወት ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠውን አይገዛም።

በድሮ ትዝታ መሄድ

ይህ ስህተት የአሁን ዘመን ነው፣ ያማልም። ከአሜሪካ ለገና የመጣ የአክስቴ ልጅ ከኤርፖርት መኪና ውስጥ ሳይወጣ «ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ውሰደኝ» አለኝ። የት ልውሰደው? በ2016 የፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈረሰ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ተከተለ። ሥጋ የምንበላባቸው፣ ቁርስ የምንቀምስባቸው፣ ከዕቁብ በኋላ የምንሰበሰብባቸው ስንት ቤቶች አብረው ሄዱ።

ግን ፈረሰ ማለት ሁልጊዜ ጠፋ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ዞረዋል፤ ስማቸውን ይዘው የዞሩም አሉ፣ ለውጠው የዞሩም አሉ። ማን ያውቃል ካላችሁ፣ ሊስትሮው ያውቃል። የመኪና ጠባቂው ያውቃል። አካባቢው ላይ የቀረ ጀበና ቡና ካለ፣ ቡና የምታፈላዋ ታውቃለች፣ የባለቤቱንም ስልክ ልትሰጣችሁ ትችላለች። ካርታ ላይ ያለው ምልክት ግን አሁንም የፈረሰው ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል።

ቤቱን ስታገኙ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። «ወጥ ቤቷ አብራችሁ መጣች?» እሷ ካልመጣች የመጣው ታፔላው ነው። ቅርንጫፍ ላይም ያው ነው። ቶሞካ በፈረንጆቹ 1953 ፒያሳ የጀመረ ነው፣ ዛሬ በብዙ ሰፈር ታገኙታላችሁ። ቡና አንድ ቦታ ተቆልቶ ለሁሉም ሊከፋፈል ይችላል። ወጥ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ባለሙያዋ ለሁለት አትከፈልም። «ቁጥር 2» የሚል ምግብ ቤት ሳይ መጀመሪያ ቁጥር 1 የምሄደው ለዚህ ነው።

ኮከብና ቪዲዮ ማመን

ቲክቶክ ላይ አይብ ሲሳብ፣ ቅቤ ሲፈስ፣ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ «ኡኡ!» ሲል አይታችሁ ትሄዳላችሁ። እኔም ሄጃለሁ። ከሰዓት በላይ ቆሜ ጠብቄ የበላሁት ቪዲዮው ላይ ካለው ግማሹን ያክላል። የትኛው ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ አሁንም ሰልፍ አለው። ሰውዬው ተጋብዞ ይሁን ከፍሎ ይብላ አይታወቅም። እዚያው ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄድ ግን አይቼ አላውቅም።

ካርታ ላይ ያሉ ኮከቦችም ቢሆኑ ማን ሰጣቸው? ብዙውን ጊዜ እንግዳና ቱሪስት ነው። ፈረንጁ «አስተናጋጆቹ እንግሊዝኛ ይችላሉ» ብሎ አምስት ይሰጣል። እኔና እናንተ የምንወደው የሰፈር ቤት ጭራሽ ስሙም አልተመዘገበም።

ቤቱን በመልኩ መመዘን

በሁለቱም በኩል ነው ስህተቱ። መስታወቱ ስላብረቀረቀ አይጣፍጥም። ላስቲክ ወንበር ስላለውም አይጣፍጥም፤ «የቆሸሸ ቤት ነው የሚጣፍጠው» የሚሉ አሉ፣ አትስሟቸው። እኔ የማየው የእጅ መታጠቢያውን ነው። ውሃ አለ? ሳሙና አለ? እንግዳ የሚያየውን ያልጠበቀ ቤት የማይታየውን አይጠብቅም።

ጥሬ የምትበሉ ከሆነ ደግሞ የተሰቀለው ሥጋ ላይ የቄራውን ማህተም ፈልጉ። ማህተም ያለው ተመርምሯል። ያም ሆኖ ኮሶ በጥሬ ሥጋ እንደሚመጣ አያቶቻችንም ያውቁ ነበር፤ ትሉም መድኃኒቱም ስማቸው አንድ ነው።

«ግማሽ ኪሎ ጥብስ» ብሎ መቀመጥ

ሥጋ ቤት እንዲህ ካዘዛችሁ መራጩ ቆራጩ ነው። እሱ ደግሞ የሚመርጠው ሊያልቅለት የሚፈልገውን ነው። ተነሱና ከፊቱ ቁሙ። ለቁርጥ ሻኛ፣ ታናሽ፣ ታላቅ በሉ። ለጥብስ ሽንጥ ወይም ጎድን። ስም ጠርታችሁ ስታዙ አያያዙ ራሱ ይለወጣል፣ ቢላውን አስቀምጦ «ይሄኛውን ልስጥህ» ማለት ይጀምራል። ሚዛኑንም እዩ። 15 በመቶ ቫት ዋጋው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ፣ መጥበሻ ለብቻው ይታሰብ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከበሉ በኋላ መጨቃጨቅ ያሳፍራል።

አንዴ ሄዶ መፍረድ

ወጥ ቤቷ ዕረፍት ላይ ልትሆን ትችላለች። መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ሦስት ጊዜ ስጡት፣ በተለያየ ቀን። በሦስተኛው አስተናጋጁ መልካችሁን ይለያል፣ «ዛሬ ጎድኑ አሪፍ ነው» ወይም «ዛሬ ይቅርብህ» ይላችኋል። ይህችን «ይቅርብህ» በኮከብ አታገኟትም።

ሰፈሬ ያለው ዳቦ ቤት ስድስት ዓመት ደንበኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከሥራ አምሽቼ ስደርስ መደርደሪያው ባዶ ነው። ልጅቷ ሳትናገር ከባንኮኒው ስር ጎንበስ አለችና በጨርቅ ሸፍና ያስቀመጠችውን አምስት ዳቦ አወጣችልኝ። ከአምስቱ ሁለቱ አረዋል። «ለአንተ ብዬ ነው» አለችኝ። የአምስቱንም ከፈልኩ።